ድልድዩ ጋ ሁሉም ይወርዳል

ባለፈው እሁድ አዳማ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ ጢሙ ገና ላብቅል አላብቅል የሚል አንድ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መልካጫፌ! መልካጫፌ! ሁለት ሰው የቀረው መልካጫፌ!» እያለ ይጮኻል፤ መሀሉ ላይ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ፣ ሁለቱን ስም እንደ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «አንተ ልጅ፣ መልካ ሌላ፣ ጫፌ ሌላ» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እማማ፣ እርስዎ የሚወርዱበትን ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። እማማ ማለቱ ሳያንስ! ተናድጄ ገብቼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ወጣት ስልኳን እያየች በላስቲክ የታሰረ ቁርጥራጭ ሸንኮራ ታኝካለች፤ ያ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጣፋጭም ሣር ሣር የሚልም ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ፣ በቃ፣ መናኸሪያውም የረዳቱ ጩኸትም ጠፋብኝና እናቴ ድልድዩ ጋ ቁጭ ብላ ቢላዋዋን ድንጋይ ላይ ስትስል ታየችኝ።

መልካና ጫፌ ከአዳማ ወደ ሞጆ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብለው ያሉ ሰፈሮች ናቸው። ሰፈሮች ማለቴን የድሮ ሰው ቢሰማ ያንቀኛል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ሁለት ከተሞች ነበሩና። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገበያ፣ የየራሳቸው ማዘጋጃ ቤት፣ የየራሳቸው ኩራት ነበራቸው። በመሀላቸው ክረምት ላይ ብቻ ውሃ የሚወርድበት፣ በጋውን ሙሉ ፍየሎች የሚተኙበት ቦይ አለ፤ በቦዩ ላይ አንዲት አጭር የድንጋይ ድልድይ። ድልድይ ስላችሁ የአዋሽን እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው በአንድ በኩል ካስነጠሰ በወዲያ በኩል ያለው «ይማርህ» የሚልባት ድልድይ ናት። ታዲያ በዚህች ድልድይ ወዲህና ወዲያ ያለው ሰው ሲናናቅ አይጣል ነው። የጫፌ ሰው የመልካን ሰው ጥርሱ ቡኒ ነው እያለ ያሾፍበታል፤ የመልካ ሰው የጫፌን ሰው ጥርሱ ዝጓል ይለዋል። ሁላችንም የምንጠጣው ያንኑ ጥርስ የሚያበልዝ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ከተማ ነጭ ጥርስ ያለው ቢፈለግ ገና ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነበር የሚገኘው። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ፎቶ ስነሳ አፌን እገጥማለሁ።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የጋሪው ደንብ ነው። እኔ ሳልወለድ በፊት የሁለቱ ከተማ ባለጋሪዎች በተሳፋሪ ተጣሉና በአለንጋ ተሞሻለቁ አሉ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሀል ገቡና፣ የጫፌ ጋሪ ድልድዩን አይሻገርም፣ የመልካም ጋሪ እንዲሁ፣ ብለው አስማሏቸው። ከዚያ ወዲያ ከጫፌ ገበያ መልካ ገበያ የሚሄድ ሰው የጫፌ ጋሪ ይሳፈራል፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይወርዳል፣ ድልድዩን በእግሩ ይሻገራል፣ ከወዲያ ቆሞ የሚጠብቀው የመልካ ጋሪ ላይ ይወጣል። ነፍሰ ጡር ብትሆኑ ትወርዳላችሁ። ጆንያ በቆሎ ብትይዙ ትወርዳላችሁ። ወባ ይዟችሁ እየተንቀጠቀጣችሁ ሐኪም ቤት ብትሄዱም ትወርዳላችሁ፤ ድልድዩ ላይ ተንቀጥቅጣችሁ ትሻገሩና እንደገና ትወጣላችሁ። እና ማንም ይህ ነገር ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም ነበር፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ድልድዩ ጋ ሁሉም ይወርዳል።

አባቴ ሰይድ የጫፌ ባለጋሪ ነበር፤ ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ጫፌ የሰፈሩ ናቸው። እናቴ ጫልቱ ደግሞ የመልካ ልጅ ናት። የተዋወቁት ከሌላ የትም አይደለም፣ እሷ ከወዲያ መጥታ የእሱ ጋሪ ላይ ስትወጣ ነው። ሊያገባት በሄደ ቀን ቡላ የሚባለውን ፈረሱን ጥለት በጥለት አድርጎ፣ ጋሪውን በቄጤማ አስውቦ፣ ሚዜዎቹን ጭኖ እየዘፈኑ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ፣ ሙሽራው ከገዛ ጋሪው ወረደና የመልካ ባለጋሪ ጋሪ ላይ ተሳፍሮ ሚስቱን ሊያመጣ ሄደ። እናቴ ይህን ስታወራ «ባሌ በሰው ጋሪ መጥቶ ወሰደኝ» ትልና እስክታነባ ትስቃለች፤ አባቴ «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ያኮርፋል።

ካገባችው በኋላ ድልድዩ ሲጀምር፣ በጫፌ በኩል፣ አንዲት የግራር ጥላ ሥር ሸንኮራ መሸጥ ጀመረች። ከወንጂ በኩል የሚመጣውን ሸንኮራ ዛፉ ላይ አስደግፋ ታቆማለች፤ በአንጓ በአንጓው ትቆርጣለች፣ ትልጣለች፣ ትሸጣለች። ግን እናቴ ሸንኮራ ትሸጥ ነበር ብላችሁ ግማሹን ብቻ መንገሬ ነው። እናቴ ገበያ አትወድም፣ ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ ያሳፍራታል፣ ሰው ግን ነፍሷ ነው። አላህ ደግሞ አስቦላት ሁለት ከተማ ሕዝብ በየቀኑ እፊቷ ያወርድላታል። ለመልካው «አካም ቡልቴ?» ትላለች፣ ለጫፌው «እንዴት አደርክ?» ትላለች፣ ግማሹን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ዱከም ፋብሪካ ሥራ አገኘ፣ የማን በሬ ጠፋ፣ ሁሉም በእሷ በኩል ያልፋል። ጠዋት ከመልካ ጠፋ የተባለ በሬ ከሰዓት በኋላ ጫፌ ውስጥ የሚገኘው እናቴ ስለጠየቀች ነው። የተጣሉ ባልና ሚስት በተለያየ ጋሪ ይመጡና እሷ ጋ ሸንኮራ እያኘኩ ይታረቃሉ፤ አፋቸው ሥራ ስለያዘ መሳደብ አይችሉማ! እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ነበር የምገባው፤ ቤታችን ለመኝታ ብቻ ነበር።

ቡላም ድርሻ ነበረው። አባቴ ተሳፋሪ አራግፎ ጋሪውን እስኪያዞር እናቴ የሸንኮራውን ልጣጭና ቅጠል ታፍስና ፊቱ ታደርግለታለች። ፈረሱ ሌላ ቦታ ላይ ቀልብ የለውም ነበር፤ ገበያ ውስጥ ሕፃን ሊረግጥ ይደርሳል፣ ድልድዩ ጋ ሲቃረብ ግን ጆሮው ይቆማል፣ እርምጃው ያምራል፣ ሽቶ የተቀባ ጎረምሳ ይሆናል። አባቴ ልጓም ሳይስብ ራሱ ይቆማል፣ በልቶ ሲጨርስ ራሱ ይዞራል። «ከአንተ ይልቅ እሱ ያውቀኛል» ትለዋለች እናቴ አባቴን። አባቴ ደስ ይለው ነበር፤ መጨረሻው ምን እንደሚሆን መች አወቀ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለቱ ከተሞች ይዋሃዱ የሚል ትዕዛዝ ከላይ መጣ። የውህደቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ የተደረጉት ጋሽ በዛብህ ናቸው፤ የጫፌ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ በዚያ ሙቀት ከረባት የማይፈቱ፣ ንግግር የሚወዱ ሰው። ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰብስበው «ውህደት ማለት ትዳር ማለት ነው» ሲሉ፣ ከኋላ አንድ የመልካ አዛውንት እጃቸውን አወጡና «እንግዲያው ሽማግሌ ይላክልን፣ አስበንበት እንመልሳለን» አሏቸው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ የስሙ ጣጣ መጣ። መልካ ጫፌ ይባል ሲባል ጫፌዎች ለምን እኛ ኋላ ብለው ተነሱ፤ ጫፌ መልካ ይባል ሲባል መልካዎች ጥለው ሊወጡ ሆነ። ጋሽ በዛብህ ሲጨንቃቸው ሁለት ታፔላ አሠሩ፤ በመልካ በኩል የሚገባው «እንኳን ወደ መልካ ጫፌ ከተማ በደህና መጡ» የሚለውን፣ በጫፌ በኩል የሚገባው «እንኳን ወደ ጫፌ መልካ ከተማ በደህና መጡ» የሚለውን ያነባል። እንግዳ ሰው አንዱን ከተማ አልፎ ሌላ ከተማ የገባ እየመሰለው ይደናገር ነበር፤ እኛ ግን ተስማምተናል ብለን ተኛን።

ስምምነቱ ውስጥ አንድ ነገር ነበረች። ከእንግዲህ ከተማው አንድ ስለሆነ ጋሪው ሁሉ ከጫፌ ገበያ እስከ መልካ ገበያ ድረስ ሳያወርድ ይሄዳል። የድሮው መሐላ በሽማግሌዎች ተነስቷል፤ አልሻገርም የሚል ባለጋሪ ታርጋውን ይመልስ። ለምረቃው ቀን ከላይ የሚመጡትን እንግዳ ጭኖ ድልድዩን የመጀመሪያ የሚሻገረው ጋሪ ደግሞ፣ ፈረሱ መልከ መልካም ስለሆነ፣ የአባቴ ይሁን ተባለ።

አባቴ ያን ማታ ቤት የገባው እየዘፈነ ነው። መስመሩ እጥፍ ሊሆንለት ነው፣ ስሙ በሁለት ከተማ ሊጠራለት ነው፣ እንግዳ ሊጭን ነው። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ቀና ብላ «እና ድልድዩ ጋ ማን ሊወርድ ነው?» አለችው። ወላሂ፣ ለአባቴ በዚያች ደቂቃ ነው የገባው፤ ሁለት ከተማ ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሲወያይበት ለማንም ትዝ ያላለው ነገር። ጋሪው ካላቆመ የሚወርድ የለም፤ የሚወርድ ከሌለ እናቴ ለግራሩ ዛፍ ነው ሸንኮራ የምትሸጠው። «ገበያ ትገቢያለሻ» አላት ቀስ ብሎ። «ገበያ ውስጥ ያለው ቦታ ሁሉ ሰው አለው» አለችው፣ እንደገና ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች፣ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ እኔ ልለየው አልቻልኩም። የዚያን ቀን ወጥ ጨው አልነበረውም። የቀጣዩም ቀን።

አባቴ ፈረሱን ለምረቃው ሊያለማምደው ጀመረ። ባዶ ጋሪ ይዞ ይመጣል፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቡላ ይቆማል፣ አንገቱን ወደ እናቴ ያዞራል። «ሂድ!» ይለዋል፤ አይሄድም። አለንጋ በአየር ላይ ያጮሃል፤ ቡላ ለማን ነው ይህ ሁሉ ጩኸት በሚል ዓይን ያየዋል። ወርዶ ከፊት ይጎትተዋል፣ ከኋላ ይገፋዋል፣ ጆንያ ዓይኑ ላይ ያስርበታል፤ ዓይኑ ቢታሰር አፍንጫው አልታሰረ፣ ሸንኮራው ይሸተዋል። ሌሎቹ ባለጋሪዎች ሥራ ፈተው ይመለከታሉ። የእነሱ ፈረሶች ሁለት ሦስቴ ተለማምደው ተሻግረዋል፤ ልጣጭ የሚበላ ያለው የአባቴ ፈረስ ብቻ ነዋ። አንደኛው «ሰይዶ፣ ፈረስህ ውህደቱን አልደገፈም» ሲለው አባቴ ጠጠር ወረወረበት። ማታ እናቴን «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው!» ብሎ ጮኸባት። «እኔ ያስተማርኩት ልጣጭ መብላት ነው፤ መቆሙን ያስተማርከው አንተ ነህ» አለችው። እውነቷን ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ነገሩ ገባው፤ ቡላ የሚሄደው እናቴ ወዳለችበት ነው። እሷ ድልድዩ ጋ እስካለች እዚያ ይቆማል፤ መልካ ገበያ ብትቀመጥለት መልካ ገበያ ድረስ ይሮጣል። ይህን ግን ፊቷን አይቶ መለመን አልሆነለትም። ተኳርፈው ስለነበር በእኔ በኩል ላከ፤ እናቴ እኮ ክንድ የማትሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣለች! «ዘይነባ፣ እናትሽን መልካ ገበያ ብትቀመጥ ምን ይላታል በያት» አለኝ። «ዘይነባ፣ አባትሽን ድልድዩ ቤቴ ነው በይው» አለች እናቴ። «ፈረሱ ከቆመብኝ ታርጋዬን ይወስዱታል በያት።» «እኔ ከዚያ ከተነሳሁ ሰው ማን ያመጣልኛል በይው።» እኔ በየተራ አፌን ከፍቼ አንድም ቃል ሳልናገር በመሀላቸው አንገቴ እስኪያመኝ ዞርኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ምረቃው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ነፋሱ እንደ ልማዱ የአዳማን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ አመጣልን። ድልድዩ አፍ ላይ ቀይ ሪባን ተወጥሯል፣ እኛ ተማሪዎች ነጭ ሸሚዝ ለብሰን ለመዘመር ተሰልፈናል፣ በወዲህ ጫፌዎች፣ በወዲያ መልካዎች። እናቴ አልቀረችም፤ ሸንኮራዋን አስደግፋ፣ ቢላዋዋን ይዛ፣ እንደ ወትሮዋ ግራሯ ሥር። አባቴ ቡላን እንደ ሠርጉ ቀን ጥለት በጥለት አድርጎ ከጫፌ ገበያ መጣ። እንግዳው መሀል ላይ መቀስ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እቅዱ እዚያው ጋሪው ላይ እንዳሉ ሪባኑን ቆርጠው ማለፍ ነው። በጎናቸው ጋሽ በዛብህ ከነከረባታቸው።

ድልድዩ ጋ ደረሱ። ቡላ ቆመ። እና ምን ይሁን? ጋሽ በዛብህ፣ የውህደቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጋሪው ሲቆም ዕድሜ ልካቸውን እንዳደረጉት ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዱብ ብለው ወረዱ! ወርደው ሁለት እርምጃ ከተራመዱ በኋላ ነው ትዝ ያላቸው። ዞረው ሊወጡ ሲሉ እግራቸው መወጣጫውን ሳተ፣ ከረባታቸው ጎማው ላይ ተጠመጠመ። ያን የሳቀ ሕዝብ እኔ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ጫፌም መልካም ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ሳቀ። ውህደት ማለት እሱ ከሆነ የዚያን ሰዓት ተዋህደናል።

ሳቁ ግን አለቀ፣ ፈረሱ አልተንቀሳቀሰም። አባቴ «ቡላዬ፣ ና ልጄ» ይለዋል፤ ወርዶ ልጓሙን ይስባል። ከጫፌ በኩል አንዱ ለፈረሱ አጨበጨበ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ከመልካ በኩል ደግሞ «ሆን ብለው አስተምረውት ነው! አንፈልጋችሁም ለማለት ነው!» የሚል ተነሳ፤ ጠጠር ሲለቀም አየሁ። እንግዳው ሰዓታቸውን አዩና ለጋሽ በዛብህ «ሌላ ባለጋሪ የለም?» አሏቸው፣ ሁላችንም እየሰማን። አባቴ ሰማ። ያን የመሰለ ሰው፣ በሁለት ከተማ ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ በሻሹ ፊቱን የሚጠርግ መስሎ ሸፈነው። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ መዝሙሩ ጠፋብኝ።

እናቴም አየችው። ቢላዋዋን መሬት ላይ ሰካች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሸንኮራውን ሁሉ እንዳለ ከነቅጠሉ ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ማንንም ሳታይ ድልድዩን መሻገር ጀመረች። ሪባኑ ነበረ ለካ! እሷ የት አይታው፤ ደረቷ ላይ ተወጥሮ ተበጠሰና እየተጎተተ ከሸንኮራው ጋር አብሯት ሄደ። ቡላ ጆሮውን አቆመ። ከዚያ እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም፤ ዱብ ዱብ እያለ ተከተላት። አባቴ ሮጦ ዘሎ ወጣ፣ እንግዳው የሚቆርጠው ያጣውን መቀስ ከፍተው ይዘው በድልድዩ ላይ አለፉ፣ ጋሽ በዛብህ በእግራቸው ከኋላ። መልካዎች «ጫልቱ! ኢንተለ ኬኛ!» እያሉ፣ ልጃችን ማለታቸው ነው፣ እልልታውን አቀለጡት። እናቴ ከፊት፣ ፈረሱ አፍንጫውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ከኋላ፣ መልካን ከዳር እስከ ዳር ተሻግረው ገበያው ድረስ ሄዱ። እዚያ ስትደርስ ሸንኮራውን አወረደች፤ ለቡላ ልጣጭ አልነበረም የሰጠችው፣ አንድ ሙሉ ሸንኮራ ነው። ዞራ አባቴን «እዚህ ነው የምቀመጠው» አለችው።

እንግዳው ያን ቀን ሁለቱን ከተሞች አንድ አደረግን ብለው ንግግር አደረጉ። ሁለቱን ከተሞች አንድ ያደረገችው እናቴ ናት፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

ግን ድልድዩ ጋ ከዚያ ወዲያ አልተቀመጠችም። ብትቀመጥ ቡላ ይቆማላ። መልካ ገበያ ውስጥ ከፍየል ተራ አጠገብ ፀሐይ የሚጠብሳት ቦታ ሰጧት። ገበያተኛው ፍየሉን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይሄዳል፤ ቁጭ ብሎ የሚያወራት የለም፣ የሸንኮራውም ጣዕም ከፍየል ሽታ ጋር የሚሆን አልነበረም። ድሮ እፊቷ ይወርዱ የነበሩ ሰዎች አሁን ጋሪ ላይ ሆነው «ጫልቱ፣ ፈያዳ?» ብለው ደህንነቷን እየጠየቁ እጃቸውን ያወዛውዙላታል፤ «ፈያ» ብላ ሳትጨርስ አልፈዋል። ክረምት ሲገባ እቤት ቀረች። ቡላ እንደሆነ በዚያን ጊዜ መንገዱን ለምዶታል፤ እየተቅለሰለሰም ቢሆን ይሄዳል።

እንዳልዋሽ ኑሯችን ተሻሽሏል። ቆርቆሯችን ታደሰ፣ ራዲዮ ገባ። እናቴ ግን የሁለት ከተማ ወሬ ሲያልፍባት የነበረች ሴት፣ ማታ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ ማንን አየህ?» ማለት አመጣች። አባቴ ያስባል፣ ያስባል፣ «ማንንም» ይላል። ውሸቱን አልነበረም፤ ባለጋሪ ፊቱ ወደ ፈረሱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የቡላን ቂጥ ነው። እሷ ዝም ትላለች። አባቴ ደግሞ ዝምታዋን አይችለውም።

ስለዚህ ዞሮ ማየት ጀመረ። በዚያ ዕድሜው! አንገቱን ወደኋላ ጠምዝዞ ተሳፋሪውን እየቆጠረ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ምን እንዳወሩ እያነበነበ ይነዳል። አንዴ እንዲያ ሲል ጋሪውን ቦይ ውስጥ ከተተው፤ አንዲት ሴት ከነእንቁላሏ። የሚያመጣው ወሬ ደግሞ አንዱም ልክ አይደለም። የአሕመድ ቤት መንታ ተወለደ ብሏት፣ እናቴ በማግሥቱ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ሠርታ ተሸክማ ብትሄድ የወለደችው ፍየሏ ናት። ያን ቀን ስቃ ስቃ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ገንፎውንም እዚያው ከአሕመድ ሚስት ጋር በልታው መጣች። ከዚያ በኋላም ማታ ማታ ትጠይቀዋለች፣ እሱም የተሳሳተውን ሁሉ ይነግራታል፣ እሷ እያረመች ትሰማዋለች። ይህ ለዓመታት ቆየ። ቡላ አርጅቶ ሞተ፣ ሌላ ፈረስ መጣ፣ ባጃጅ መጣና ጋሪ ከአስፋልት ተከለከለ፤ አባቴ ሥራ ካቆመም በኋላ ጫፌ ቤታችን በር ላይ መንገዱን ፊት ለፊት እያየ ይቀመጥና ማታ ሲገባ የሚነግራት ያጣ አልነበረም።

እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። እኔ አዳማ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ፣ እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ባለፈው እሁድ ከዚያ ሚኒባስ ስወርድ አባቴ በሩ ላይ ነበር፤ ሳምኩት፣ ወንበር አውጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንደበቴ ላይ መጣና «አባዬ፣ ዛሬ ማንን አየህ?» አልኩት።

ፊቱ ፈካ አለ። እጁን አነሳ፣ ሊነግረኝ «እ...» ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ቤት ውስጥ ዞሮ አየ። እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ተይኝ ዘይኑ» አለኝ፣ «እሷ ካልጠየቀችኝ ማን ቢያልፍ ምን ያደርግልኛል።»

ሁለታችንም መንገዱን እያየን ተቀመጥን። ሚኒባስ መጣ፣ ሚኒባስ ሄደ፤ ሁሉም ጢም ብለው ሞልተዋል፣ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። እስኪመሽ እዚያ ነበርን፤ የወረደ ሰው አልነበረም።